በሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረው ስም

ባስልኤል ሳህሉ ሐሙስ ጠዋት ሞቶ የተገኘው በሚሠራበት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቦታው ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት፣ ፓቲ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ የጃማይካ ሳምቡሳ ከሚሸጥ ቤት ጀርባ ያለ ምድር ቤት ሲሆን፣ «መልህቅ» የሚባለው ድርጅት ኮምፒውተሮቹን ደርድሮ የሚያኖርበት ክፍል ነው። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉ ክረምት ከበጋ ይቀዘቅዛል። ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ግንባሩን ክንዱ ላይ አሳርፎ ስታየው የሥራ ባልደረባው ሔርሞን እንቅልፍ የወሰደው መሰላት። «ባስ፣ ዌክ አፕ! እዚሁ አደርክ እንዴ?» ብላ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት ፓቲ ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የሻይ ኩባያና ባዶ የእንቅልፍ መድኃኒት ብልቃጥ ነበሩ። ብልቃጡ ላይ የሚስቱ የሔለን ስም ተለጥፏል። ስክሪኑ እንደበራ ነው፤ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ይታይበታል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ይህን አይተው ነገሩን በልባቸው ጨርሰውታል። ሰውየው ራሱን አጥፍቷል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውም የስንብት ደብዳቤው ነው። የቀረው የሚያነብላቸው ሰው መጥራት ብቻ ነበር።

የተጠራችው መርማሪ ሩሀማ ክፍሌ ናት። ሬክስዴል በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር ያደገች፣ አርባን ጥቂት ያለፈች፣ ቁመቷ አጭር ምላሷ ረጅም የሆነ ሴት ናት። አንድ የታወቀ አመል አላት፤ የአጠቃቀም መመሪያ ታነባለች። የዳቦ መጥበሻ ብትገዛ ዳቦውን ከመቁረጧ በፊት መመሪያውን ትጨርሳለች። ባልደረቦቿ ይስቁባታል፤ እሷም እነሱ ያበላሹትን የቢሮ ማሽን ስታስተካክል በተራዋ ትስቅባቸዋለች።

ስክሪኑ ፊት ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አጠገቧ የቆመው ወጣት ፖሊስ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ደብዳቤው ምን ይላል?»

«ደብዳቤ አይደለም» አለች ሩሀማ። «መመሪያ ነው። ደግሞ ጥሩ መመሪያ ነው።»

መልህቅ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትን አገልግሎቶች በኮምፒውተሮቹ ላይ የሚያስኬድ አነስተኛ ድርጅት ነው። የመዘምራኑ ቪዲዮ፣ የቀጥታ ስርጭቱ፣ ሰው በጭንቅ ሰዓቱ ደውሎ ድምፁን የሚተውበት የጸሎት ስልክ፣ ሁሉም የሚኖሩት እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባስልኤል ሲጽፍ የነበረው ስለ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያዋ ስትጠየቅ በሥራ ላይ ያሉትን አገልግሎቶች ትዘረዝርና የትኛው ማከማቻ በየትኛው አገልግሎት ላይ እንደተገጠመ ታሳያለች። ባስልኤል ነገሩን ለሽማግሌዎች በሚገባቸው መንገድ እንዲህ አድርጎ ጽፎታል፤

«በምትኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ዕቃ ማስቀመጫ ሎከር አለው። ማከማቻም እንደዚያ ነው። ይህች መሣሪያ የእናንተን ሎከር የሚከፍተው ቁልፍ በማን በማን እጅ እንዳለ ትነግራችኋለች።»

ከሥሩ አንድ ምሳሌ አለ። የጸሎት ስልኩ ድምፆች የሚቀመጡበት ማከማቻ በማን ላይ እንደተገጠመ ያሳያል። ያለው ረድፍ አንድ ብቻ ነው፤ «የጸሎት ስልክ» ይላል። ከምሳሌው ቀጥሎ ደግሞ ይህ ተጽፏል፤ «በሁለተኛው ረድፍ ላይ የማታውቁት ስም ካያችሁ፣ ሳታፍሩ ጠይቁ። ድምፁ የእናንተ ነው።»

ሩሀማ ዓይኗን ወደ ምሳሌው መለሰች። ሁለተኛ ረድፍ የለም። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚጽፍ ሰው የሌለ ረድፍ እዩ ብሎ ሽማግሌ አያደክምም ብላ አሰበች።

ከዚያ ኩባያውን ጎንበስ ብላ አየችው። ከሻዩ አተላ ጋር ነጭ ዱቄት ታች ረግቷል። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ሁለት የፓቲ ወረቀቶች አሉ፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው፣ ፍርፋሪና ቅባት ብቻ ይዘዋል። ለወጣቱ ፖሊስ ምንም ነገር እንዳይነካ ነግራው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

ሔርሞን የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች፣ መሣሪያዋን የሠራች ወጣት ኢንጂነር ናት።

«ከባስልኤል ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» አለቻት ሩሀማ።

«ተጣልተን? ኖ። አርጊዩ አድርገናል። ኖባዲ ሪድስ ዶክስ፣ መመሪያ ማን ያነባል አልኩት። መሣሪያውን ከሠራሁ ስንት ጊዜ ሆነ፣ ከእኛ ውጪ ማንም ዩዝ አድርጎት አያውቅም። እሱ ደግሞ፣ ላይክ፣ በአማርኛ፣ ለሽማግሌዎች...»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«ሰው የማያነበው ለእሱ ስላልተጻፈ ነው አለኝ።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሶሪ።»

«አይዞሽ። አንድ ነገር አስረጂኝ። ማከማቻን ከአገልግሎት ላይ መግጠምና መንቀል የሚችለው ማን ነው?»

«ፓስወርድ ያለን ሦስት ነን። ባስ፣ ዮናታን፣ እኔ።»

«ሲነቀል ምን ይሆናል?»

«አገልግሎቱ ሪስታርት ያደርጋል። ለትንሽ ጊዜ ይቋረጣል፣ ከዚያ ይመለሳል።»

«ትናንት ረቡዕ ማታ የት ነበርሽ?»

«ሬክስዴል፣ ቸርች። የልጆች መዝሙር አስተምራለሁ። ፓረንቶቹ ሁሉ እዚያው ቁጭ ብለው ነበር፤ ጠይቂያቸው።»

ዮናታን የድርጅቱ መሥራች ነው። ከባስልኤል ጋር ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ኳስ ለሁለት ይዘው ያደጉ ናቸው። ለባስልኤል ሠርግም ሚዜ የሆነው እሱ ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ስለነበር ሩሀማ ውሃ ቀድታ ሰጠችው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት በምሳ ሰዓት። ፓቲ ይዤለት መጣሁ፣ የሚወደውን፣ የሚያቃጥለውን። አብረን በላን። እሱማ ከእኔ ቀድሞ ጨርሶ ጣቱን ሲልስ ነበር፤ ታውቂያለሽ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ያንን ሻይ እየጠጣ ተውኩት። ሁለተኛ አልተመለስኩም። ምነው በተመለስኩ!»

«አዝኖ ነበር?»

ዮናታን ወደ መሬት አየ። «ሰው ማማት አልፈልግም። ግን ከሔለን ጋር ደህና አልነበሩም። ነቢይ ኤፍሬም ጉባኤ ላይ ምሥጢሯን ካወጣባት ጀምሮ፣ ለእሱ የነገረው ባሌ ነው ብላ ቤቱን ገሃነም አድርጋበት ነበር።»

«ነቢዩ ወንድምህ ነው አይደል?»

«ታናሼ ነው። እሱ የሚናገረው የተሰጠውን ነው።»

ሩሀማ ልትወጣ ተነሥታ በር ላይ ቆመች። «ባስልኤል ሲጽፍ የነበረውን መመሪያ አንብበኸዋል?»

«እውነቱን ልንገርሽ?» ዮናታን በሐዘኑ መሐል ፈገግ አለ። «በሕይወቴ አንድም ዶክመንቴሽን እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም።»

«አምንሃለሁ» አለችው።

የሔለን ቤት በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ራሱን ያጠፋ ሰው ለቅሶ ግን እንደ ሌላው ለቅሶ አይደለም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ምን ብሎ እንደሚያጽናና አያውቅም፤ ስለዚህ ያንሾካሹካል። ያንን ሹክሹክታ መስማት ለማያውቀውም ሰው ያማል። ሔለን የሩሀማን እጅ ይዛ ወደ በረንዳ አወጣቻትና የመስታወቱን በር ዘጋችው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው ከአንቺ የምፈልገው» አለች። «እንዴት እንደሞተ አይደለም። ባሌ ሸጦኛል ወይስ አልሸጠኝም? እሱን ንገሪኝ።»

ታሪኩ ይህ ነው። ሔለን ካናዳ ሳትመጣ በፊት አንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ልጁ ስም ሳይወጣለት ሞተ። ከባስልኤል በቀር ይህን የነገረችው ሰው የለም። ባለፈው ፀደይ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ነቢይ ኤፍሬም በጣቱ ጠቁሞ አስነሣትና «ስም ሳታወጪለት የቀበርሽው ልጅ አለ ይላል ጌታ» አላት። ሕዝቡ በእልልታ ተነሣ። እሷ ወደቀች፤ በመንፈስ ነው ብለው ነጠላ አለበሷት። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሏን ዓይኑን አይታ አናግራው አታውቅም።

«በስልክም ቢሆን ለሌላ አልነገርሽም?» አለች ሩሀማ።

«ለሰው አልነገርኩም።» ሔለን ትንሽ አመነታች። «ለጸሎት ስልኩ አንድ ጊዜ ደውዬ አልቅሻለሁ። እሱ ግን ጸሎት ነው፤ ለሰው መንገር አይደለም።»

የመመሪያው ምሳሌ ስለዚያው ስልክ እንደነበር ሩሀማ አስታወሰች።

«ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«ሶፋ ላይ ነበር የሚተኛው። ከሰኞ ጀምሮ ያበሰልኩትን አልቀመሰም። ሰሃኑን እንዳለ አንሥቼ እደፋለሁ። ‹ሸጥከኝ ካልሽኝማ ምግብሽንም አልፈልግም› ማለቱ መስሎኝ እኔም ዝም አልኩት።»

«መድኃኒትሽስ?»

«መታጠቢያ ቤት ነበር የማስቀምጠው። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ሰኞ ብፈልገው አጣሁት። እሱ የወሰደብኝ መስሎኝ አልጠየቅሁትም። መጠያየቅ ትተን ነበር።»

«እሑድ ቤታችሁ እንግዳ መጥቶ ነበር?»

«እንግዳ አልመጣም። ዮናታን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቤቱ ነው። እዚህ በረንዳ ላይ ቆመው ብዙ አወሩ። ሲገቡ የሁለቱም ፊት ልክ አልነበረም።»

ሩሀማ ወደ መኪናዋ ስትወርድ የሐዘንተኞቹን ሹክሹክታ አሰበች። መድኃኒቱ የሔለን፣ ቂሙም የሔለን ነው። ረቡዕ ማታም ብቻዋን ቤት ነበረች። አለቆቿ ግድያ ነው ብትላቸው መጀመሪያ የሚጠሯት እሷን እንደሆነ ታውቃለች።

ጋሽ ዓለሙ የጸሎት ስልኩ ኃላፊ ናቸው። ሬክስዴል በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ይግቡ ልጄ፣ አረፍ ይበሉ» አሏት።

«ጋሽ ዓለሙ፣ እኔን አንቺ ይበሉኝ፤ አባቴ ቢሰማ ይቆጣኛል። ባስልኤል መመሪያውን አሳይቶዎት ያውቃል?»

«አሳይቶኝ? አብሬው ሠራሁት እንጂ! የጻፈውን ሁሉ የሚፈትነው በእኔ ነው። አንብቤ እጄ ራሱ እንዲጫን ነው የሚያደርገው። እሱ እጁን አጣጥፎ ያየኛል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ከተሳሳትኩ ‹ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፣ የእርስዎ አይደለም› ይልና ያስተካክለዋል።»

«መጨረሻ የሞከራችሁት መቼ ነው?»

«ያለፈው ቅዳሜ። የእኛን ማከማቻ እንድጠይቅ አደረገኝ። ሁለት ስም መጣ። አንዱ የእኛ ነው። ሁለተኛው ‹የጠባቂው ድምፅ› ይላል። ‹ይሄ የነቢይ ኤፍሬም ስርጭት አይደለም እንዴ? የሰው ለቅሶ ያለበትን ሎከር ምን ሊያደርግ ከፈተው?› አልኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ‹ላጣራ፣ ለማንም አይናገሩ› አለኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው ጠረጉት። «ሰኞ ደግሞ ደወለልኝ። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይዣለሁ፣ ያግዙኝ አለ። እህል ውሃ የሌለበት ነው፤ ረቡዕ ማምሻውን ይፈታዋል። ይህንንም በምሥጢር ይያዙልኝ ነው ያለኝ። ጾም ደግሞ ለሰው አይታወጅም።»

ነቢይ ኤፍሬም ሩሀማን የተቀበላት በስቱዲዮው ነው። ልብሱ ከልኩ በላይ የጠበበ፣ ድምፁ ከክፍሉ በላይ የሰፋ ወጣት ነው። ረቡዕ ማታ የት እንደነበር ስትጠይቀው በቀጥታ ስርጭት ላይ እንደነበር ነገራት፤ አላጋነነም፣ ስንት ሺህ ሰው ያየው ነው።

«መሐል ላይ ግን ተቋረጠ። ጠላት ቃሉን ሊያስተጓጉል ፈልጎ ነበር።»

«ጠላት ሪስታርት ማድረግ ጀመረ ማለት ነው» አለች ሩሀማ። ኤፍሬም አልሳቀም። «የሰው ምሥጢር ከየት ነው የሚመጣልህ?»

«ከላይ ነው።»

«ከላይ ከየት?»

ወጣቱ ነቢይ የሸሚዙን እጅጌ ደጋግሞ አስተካከለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩሀማ ሁሉንም በመልህቅ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሔለን ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዮናታን መጥቶ ትከሻዋን ሊያቅፋት ሲል ጋሽ ዓለሙ በመሐል ወንበራቸውን ጎትተው ገቡ። ሔርሞን ኮምፒውተሯን ከፍታለች። ኤፍሬም መስኮቱ ጋ ቆሟል። ወጣቱ ፖሊስ በር ላይ አለ።

«ሔርሞን፣ የጸሎት ስልኩ ማከማቻ በማን ላይ እንደተገጠመ ጠይቂልን» አለች ሩሀማ።

ሔርሞን ጻፈችና ስክሪኑን አዞረችው። የታየው አንድ ስም ብቻ ነው።

«እኔ ሁለት ነው ያየሁት» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

«ሁለት ነበር። አሁን ከኩባያው ልጀምር። ራሱን ሊያጠፋ የቆረጠ ሰው ክኒኑን ይውጣል። ፈጭቶ ሻይ ውስጥ የሚጨምር ሰው ግን የሚጠጣው ሰው እንዳያውቅበት ነው። ስለዚህ ባስልኤል ተገድሏል።»

ሔለን እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቀጥሎ መመሪያው። ምሳሌው አንድ ረድፍ አለው፤ ማብራሪያው ግን ስለ ሁለተኛ ረድፍ ያወራል። አንድ ሰው ባስልኤል ራሱን ከሳተ በኋላ ከምሳሌው ላይ ያቺን ረድፍ አጥፍቷታል። ከሥሯ ያለውን አንቀጽ ግን አልነካውም። ለምን? አላነበበውማ! ይህ መመሪያ የማንበብ ልማድ የሌለው ሰው ሥራ ነው።»

«ኢንጂነር ሁሉ እንደዚያ ነው» አለች ሔርሞን በቀስታ። «እኔም አላነብም።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው በእሱ ብቻ ያላቆምኩት። ረድፏን ከጽሑፉ ማጥፋት አይበቃም፤ ማከማቻውን ራሱን ከኤፍሬም ስርጭት ላይ መንቀል ያስፈልጋል። ሲነቀል ደግሞ ስርጭቱ ይቋረጣል። ነቢያችን ረቡዕ ማታ በሕዝብ ፊት የተቋረጠው ለዚህ ነው። ያ ትእዛዝ የተሰጠው ከዚህ ምድር ቤት፣ ከባስልኤል ኪቦርድ፣ በባስልኤል ስም ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ስለነበር ፓስወርድም አያስፈልግም። ሐኪሙ እንደሚለው ባስልኤል በዚያ ሰዓት ራሱን ስቶ ቆይቷል። ሔርሞን ሬክስዴል በወላጆች ፊት ልጆች ታስተምር ነበር። ኤፍሬም ካሜራ ፊት ነበር። ጋሽ ዓለሙም እዚያው ሬክስዴል ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሁሉም መጀመሪያ ያዩት ሔለንን ነው። እሷም መታየቷን አወቀችው፤ አንገቷን ቀና አደረገች።

«መድኃኒቱ የእሷ ነው» አለ ዮናታን፤ ድምፁ ርኅራኄ የተሞላ ነበር። «ሔሉዬ፣ እኔ አልፈርድብሽም።»

«መድኃኒቱ እሑድ ከቤቷ ጠፋ» አለች ሩሀማ። «እሑድ ቤቷ የገባኸው አንተ ነህ። ግን ፓቲውን እናንሣ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት አብራችሁ በላችሁ አልከኝ።»

«በልተናል። ወረቀቶቹ ቅርጫቱ ውስጥ አሉ።»

«አሉ። ባስልኤል ቀድሞህ ጨርሶ ጣቱን ላሰ።»

«አዎ።»

«ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ ከሻይ በቀር ምንም አላገኘም፣ ዮናታን። ባስልኤል ከሰኞ ጀምሮ ጾም ላይ ነበር። እህል ውሃ አልቀመሰም። የተደበቀ ጾም ስለነበር አንተ አላወቅህም። ሔለን ብትሆን ፓቲ በላ ብላ አትዋሽም፤ ሰሃኑን ሳይነካው እያነሣች የደፋችው እሷ ናት። ሁለቱንም ፓቲ የበላኸው አንተ ነህ። ወረቀቱንም ያስቀመጥከው በምሳ ሰዓት እንጂ ማታ አልመጣም ብለን እንድናምን ነው።»

ሔለን ወደ ዮናታን ዞራ «ጾም?» አለች። ማንን እንደጠየቀች ለራሷም አልገባትም።

ድንገት የተናገረው ኤፍሬም ነው። ድምፁ የአዳራሹ ድምፅ አልነበረም። «ዮናታን በየቅዳሜው ጽፎ ይሰጠኝ ነበር። ስም፣ ጉዳይ፣ የት እንደሚቀመጡ። ሕልም አየሁ ይለኝ ነበር። እኔ... እኔ አልጠየቅሁትም። ሕዝቡ ሲመጣ መጠየቅ ተውኩ።»

«ዝም በል!» አለ ዮናታን።

«የእሷንም አንተ ነህ የሰጠኸኝ!»

ዮናታን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲናገር ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው ነበር። «ወንድሜ ባዶ ሆኖ ነበር። መድረክ ላይ ቆሞ ምንም አይመጣለትም፣ እየተሳቀቀ ነበር። የጸሎት ስልኩን ድምፆች በእሱ ስርጭት በኩል ከፍቼ የሰማሁት ላግዘው ብዬ ነው፣ ለአንድ ጊዜ ብዬ። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ባስ እሑድ ‹ይህን ያደረገው ማን ነው?› አለኝ፤ ማን እንደሆነ እያወቀ። ረቡዕ ማምሻውን ና አለኝ። ‹መመሪያውን ነገ ለሽማግሌዎች እሰጣለሁ፤ ከዚያ በፊት አንተ ራስህ ንገራቸው፣ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። ሻይ ይዤለት ነበር። በረደኝ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው።»

ጋሽ ዓለሙ ተነሡ። ጠረጴዛውን ይዘው ወደ ዮናታን ዞሩ። «ጾሙ ለማን እንደነበር ታውቃለህ? ያልነገርኳችሁ ይህን ነው፤ አደራ ብሎኝ ነው። ‹ለአንድ ወንድሜ ነው፣ ጋሽ ዓለሙ። እኔ ሳልከሰው ራሱ አፉን ከፍቶ እንዲናገር ይጸልዩልኝ› ነው ያለኝ። ለአንተ ነው የጾመው! ጾሙንም የፈታው አንተ በቀዳህለት ሻይ ነው።»

ዮናታን ያን ጊዜ አለቀሰ። የቀድሞው ለቅሶውም እውነተኛ ነበር ይሆናል፤ ይህኛው ግን ለመስማት የሚከብድ ነበር። ወጣቱ ፖሊስ ክንዱን ይዞ አስነሣው። ኤፍሬም ቃሉን ለመስጠት ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄድ ተነገረው፤ ወንድሙን ከኋላ ከኋላ ተከትሎ ወጣ። ጋሽ ዓለሙ ተመልሰው ተቀመጡና የስንት ሰው ለቅሶ በእጄ ሳለ ተሰረቀ እያሉ ለራሳቸው ማጉረምረም ጀመሩ።

ሔለን ከወንበሯ አልተነሣችም። ሩሀማ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ባልሽ አልሸጠሽም። ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

«እሺ» አለች ሔለን። ሩሀማ እፎይታ ጠብቃ ነበር፤ በፊቷ ላይ ግን አላየችም።

«ከእሑድ ጀምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አለች ሔለን።

«አዎ።»

«ምሥጢሬን ያወጣው ማን እንደሆነ እያወቀ መጥቶ ሶፋ ላይ ተኛ።»

«ለዮናታን ጊዜ ሊሰጠው ፈልጎ ነው።»

«ለእሱ ሦስት ቀን ጾመለት።» ድምፏ ከፍ አላለም። «እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ባሌ ሸጠኝ እያልኩ ስቃጠል ያየኛል። ‹ሔለን፣ እኔ አይደለሁም› ቢለኝ ጾሙ ይፈርስበት ነበር? ዮናታን ሸጠኝ፣ እሺ። ባሌ ግን ከእኔ ይልቅ ለሸጠኝ ሰው አዘነ።»

ሩሀማ ለማጽናናት ብላ ውሸት መናገር አልፈለገችም፤ ሔለን ውሸት በቅቷታል።

ሔርሞን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቀና አለች። «ሔሉ... ባስ የጻፈውን ፐብሊሽ ላድርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው? ሁለተኛውን ረድፍ ልመልሰው ወይስ ይቅር?»

ሔለን ተነሥታ ወደ እሷ ሄደች። ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ማንበብ ያዘች። ጽሑፉ ተጫኑ ባለበት ቦታ ጣቷ ይጫናል፣ ጠብቁ ባለበት ትጠብቃለች። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ሔርሞን እጇን አጣጥፋ ታያት ነበር። ሔለን «ሳታፍሩ ጠይቁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህን ሲጽፍ እኔ ማድ ቤት ነበርኩ» አለች። «አንድ ቀን ጠርቶ ‹ነይ አንብቢልኝ› አላለኝም።»

ከዚያ ለሔርሞን ቦታውን ለቀቀችላት። «መልሺው» አለቻት። «ስሙ ይታይ።»

ሔርሞን ረድፏን መልሳ ጻፈቻት። ሔለን ትክክል መጻፏን አረጋግጣ ኮቷን ለበሰች፤ ለቀስተኞቹ ቤት እየጠበቋት ነበር።